አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎቿን በምን ገንዘብ አቆመቻቸው?

«ዩኒቨርሲቲ ራሱን ይቻል» የሚለው ነገር ከስብሰባ አዳራሽ ወጥቶ የየቤቱ ወሬ ከሆነ ሰነባብቷል። ስለ ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች የወጣው አዋጅ በ2015 ዓ.ም. ጸደቀ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ሆኖ ገባበት። ከዚያ ወዲህ ወላጅ ስለ ክፍያ ይጨነቃል፣ መምህር ስለ ደሞዙ ያስባል። በዚህ ሁሉ ክርክር መሃል ደግሞ አንድ ማስረጃ ሳይጠቀስ አይቀርም፦ «የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች እኮ የመንግሥት እጅ አያዩም፤ ራሳቸውን የቻሉ ናቸው።»

እንዴት ቻሉ? ይህ ጥያቄ ግን ብዙም አይነሳም። መልሱን ለማግኘት ዛሬ ሀብታም የምንላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ገና ድሃ ወደነበሩበት ዘመን መመለስ ያስፈልጋል። ይህም የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ያን ዘመን ሳየው የሚታየኝ ነገር ግልጽ ነው። ያኔ የተመሠረቱት ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች መጀመሪያ ጥሪት ተሰጣቸው። ጥሪቱ እንዳይበላ በሕግ ታሰረ። እሱም ሳይበቃ ሲቀር መንግሥት በየዓመቱ የማይቀር ገንዘብ ቆረጠላቸው። «ራሱን ይቻል» የሚለው ቃል ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጣ ነው። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የኛን ስጠቅስ «ዓ.ም.» እላለሁ።)

በ1870 በመላው አሜሪካ በከፍተኛ ትምህርት ላይ የነበሩት ተማሪዎች 52 ሺህ ገደማ ብቻ ነበሩ። ኮሌጅ ማለት በአብዛኛው ላቲንና ግሪክ የሚነበብበት፣ ቄስ፣ ጠበቃና ሐኪም የሚወጣበት ቤት ነው። ሃርቫርድ የዓመት ክፍያው 150 ዶላር ነበር። በዚያ ዘመን የጉልበት ሠራተኛ የቀን ገቢ ከአንድ ዶላር ተኩል ብዙ አይርቅም። እንግዲህ የአንድ ልጅ የትምህርት ክፍያ ብቻ፣ ያለ ምግብና ያለ ማደሪያ፣ የመቶ ቀን ደሞዝ ይፈጃል ማለት ነው። የገበሬና የእጅ ባለሙያ ልጅ በዚህ በር አይገባም ነበር። ቢገባም የሚማረው ነገር ከእርሻውና ከእጅ ሥራው ጋር አይገናኝም።

ይህን ለመለወጥ የተነሳው ሰው ራሱ ኮሌጅ ደጅ አልደረሰም። ጀስቲን ሞሪል የቬርሞንት ቀጥቃጭ ልጅ ነው። በ15 ዓመቱ ትምህርት አቋርጦ ሱቅ ተቀጠረ፤ ቆይቶ ነጋዴ ሆነ፤ በኋላ ምክር ቤት ገባ። ያረቀቀውን ሕግ ፕሬዚዳንት ቡካናን በ1859 ሳይፈርምበት መለሰበት። የደቡብ ተወካዮችም ይቃወሙት ነበር። ደቡቦቹ ተገንጥለው የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመር ሞሪል ረቂቁን እንደገና አቀረበው። ሊንከንም በሐምሌ 1862 ፈረመበት።

የሕጉ አሠራር እንዲህ ነው። መንግሥት ጥሬ ገንዘብ አልነበረውም፤ መሬት ግን ነበረው። እያንዳንዱ ስቴት በኮንግረስ ባሉት የተወካዮችና የሴናተሮች ቁጥር ልክ፣ በአንድ ሰው 30 ሺህ ኤከር መሬት ያገኛል። ወደ 12 ሺህ ሄክታር መሆኑ ነው። ስቴቱ መሬቱን ሸጦ ገንዘቡን አስተማማኝ ቦታ ላይ ያኖረዋል፤ ቢያንስ 5 በመቶ ወለድ እንዲያስገኝም ይጠበቃል። ኮሌጁ የሚኖረው በወለዱ ነው። ዋናው ገንዘብ ለዘላለም አይነካም። በሆነ ምክንያት ከጎደለ ስቴቱ ከራሱ ካዝና ይተካዋል። ከገንዘቡ ለቦታ መግዣ የሚፈቀደው ቢበዛ አንድ አሥረኛው ነው። ለሕንፃ ደግሞ አንድም ሳንቲም አይወጣም፤ ሕንፃውን ስቴቱ ወይም የአካባቢው ሕዝብ ይሥራ ተባለ።

ይህች የመጨረሻዋ ክልከላ ለኔ የሕጉ ብልሃት ናት። ገንዘብ ሲገኝ መጀመሪያ የሚያምረን ሕንፃ ነው። ሕንፃ ይመረቃል፣ ሪባን ይቆረጥበታል፣ ፎቶ ይነሳበታል። የመምህር ደሞዝ አይመረቅም። ሕጉ ይህን ፈተና ገና ከጅምሩ ዘጋው።

ግን መሬቱ የማን ነበር? ይህን ሳያነሱ ማለፍ አይገባም። መንግሥት «የኔ» ያለው መሬት ከቀደምት አሜሪካውያን ሕዝቦች በጦርነት፣ በማስገደድና በተጭበረበረ ውል የተወሰደ ነው። በ2020 የወጣ የጋዜጠኞች ምርመራ ወደ 11 ሚሊዮን የሚጠጋ ኤከር ቦታ በቦታ ተከታትሎ፣ ከ250 ገደማ ሕዝቦች እጅ የወጣ መሆኑን አሳይቷል። ለአንዱ ልጅ የትምህርት በር የተከፈተው ሌላው ከርስቱ ተነቅሎ ነው።

የጥሪቱ ዕጣ ደግሞ እንደየስቴቱ ተለያየ። በክልላቸው የፌዴራል መሬት የሌላቸው የምሥራቅ ስቴቶች የተሰጣቸው ወረቀት ነበር። ወረቀቱን የገዛ ሰው በምዕራብ ሄዶ መሬት ይመርጥበታል። ሁሉም ስቴት በአንድ ጊዜ ወረቀቱን ገበያ ላይ ሲያፈሰው ዋጋው ተንኮታኮተ። የመንግሥት መሬት መደበኛ ዋጋ በኤከር አንድ ዶላር ከ25 ሳንቲም ነበር። ወረቀቱ ግን በግማሹ፣ አንዳንዴም ከግማሹ በታች ሄደ። ሮድ አይላንድ የደረሳትን 120 ሺህ ኤከር ለብራውን ዩኒቨርሲቲ ሰጠች። ብራውን ሁሉንም በ50 ሺህ ዶላር ሸጠው። በኤከር 42 ሳንቲም እንኳ አይሞላም። ከዚህ ወለድ ምን ያህል መምህር ይቀጠራል? ቆይቶም የሮድ አይላንድ ገበሬዎች «ብራውን ልጆቻችንን ግብርና አላስተማረልንም» ብለው ተነሱ። በ1890ዎቹ ጥቅሙ ተነጥቆ ለአዲስ የእርሻ ኮሌጅ ተሰጠ። በኮኔቲከትም ዬል ተመሳሳይ ዕጣ ገጠመው።

ኒውዮርክ 990 ሺህ ኤከር ደርሷት ነበር። እዚያ ነገሩን የለወጠው ኤዝራ ኮርኔል የሚባል ሰው ነው። ድሃ አደግ፣ አናጺ የነበረ፣ በኋላ በቴሌግራፍ መስመር ዝርጋታ ሀብት ያፈራ ሰው። ከራሱ 500 ሺህ ዶላር አውጥቶ በ1865 በስሙ ዩኒቨርሲቲ አስቋቋመ። ከዚያም የወረቀቱ ዋጋ መውደቁን አይቶ፣ የቀረውን ወረቀት ራሱ ገዛው። ትርፉን ለዩኒቨርሲቲው ሊያስረክብ ውል ገብቶ በዊስኮንሲን 500 ሺህ ኤከር ገደማ የጥድ ደን መረጠበት። የኦጂብዌ ሕዝቦች በውል እንዲለቁት የተደረገ አገር ነው። ስሌቱ ቀላል ነበር፦ ከተሞች እየተስፋፉ ነው፣ እንጨት ይወደዳል፣ እንጠብቅ።

መጠበቅ ግን ቀላል አልሆነም። ያልተሸጠ ደን ግብር ይከፈልበታል። የዊስኮንሲን ነዋሪዎችም መሬቱን ይዞ ሩቅ በተቀመጠ ባለቤት ላይ ግብሩን ማክበድ አላሳዘናቸውም። ዩኒቨርሲቲው በእጁ ገንዘብ ሳይኖረው በየዓመቱ ለደኑ ይከፍል ነበር። ኮርኔል በ1874 ሲሞት ደኑ ገና ፍሬ አላፈራም። በእንጨት ንግድ የከበረው ሄንሪ ሴጅ፣ የአስተዳደር ቦርዱ ሰብሳቢ፣ የእንጨት ዋጋ እስኪነሳ እንዲቆይ ገፋበት። ደኑ በስተመጨረሻ ለዩኒቨርሲቲው ወደ 5 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። የሮድ አይላንድን 50 ሺህ ያስታውሷል? ሕጉ አንድ፣ ወረቀቱም አንድ ነበር። አንዱ ቸኩሎ ሸጠ፤ አንዱ ግን የሚጠብቅበት አቅም ያለው ሰው አገኘ።

የተማሪው ኑሮስ? ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በጥቅምት 1868 በሩን ሲከፍት 412 ተማሪዎች ገቡ። ግቢው ገና ግንባታ ላይ ነው። ካስካዲላ የሚባል፣ ለሕክምና መታጠቢያ ቤትነት ተጀምሮ የነበረ ትልቅ ሕንፃ ማደሪያ ሆነ። ተማሪና ፕሮፌሰር ከነቤተሰቡ በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ። ሕጉ የጦር ልምምድ ስለሚያዝ ተማሪው ተሰልፎ ይሰለጥናል። ኤዝራ ኮርኔል ድሃ ልጅ እየሠራ መማር ይችላል ብሎ አጥብቆ ያምን ነበር። ይህንንም በአደባባይ ተናገረ። ቃሉን የሰሙ ብዙ ልጆች ኪሳቸው ባዶ ሆኖ መጡ። መሬት መደልደል፣ ድንጋይ መሸከም፣ የእርሻ ሥራ ነበር፤ ግን ለሁሉም አልበቃም። ቀን ጉልበቱን የጨረሰ ልጅ ማታ ለሒሳብ ጉልበት ከየት ያመጣል? ሰው ራሱን እያስተዳደረ ይማር የሚለው ሐሳብ መልካም ነው፤ ብቻውን ግን ዩኒቨርሲቲ አያቆምም። ይልቅ ድሃውን ልጅ በደንብ የጠቀመው በቻርተሩ የተጻፈው ግዴታ ነው። ከኒውዮርክ 128 የምርጫ ወረዳዎች ከእያንዳንዱ በየዓመቱ አንድ ተማሪ በነፃ ይማራል። መሬቱን የወሰዳችሁበት ዋጋ ይኸው ነው ተባሉ።

ሴቶች በ1872 መግባት ጀመሩ። ለእነሱ ማደሪያ ገንዘብ የሰጠው ያው ሴጅ ነው፣ 250 ሺህ ዶላር፤ በምላሹም ትምህርታቸው ከወንዶቹ እንዳያንስ አስፈረመ። ለጋሽ ቅድመ ሁኔታ ሲያስቀምጥ ሁሌ ክፉ አይደለም።

ክፉ የሚሆንበት ጊዜ ግን አለ። ጆንስ ሆፕኪንስ የባልቲሞር ነጋዴ ነበር። ሲሞት 7 ሚሊዮን ዶላር ለዩኒቨርሲቲና ለሆስፒታል አካፍሎ አወረሰ። ዩኒቨርሲቲው በ1876 ሲከፈት በአሜሪካ የምርምርና የዶክትሬት ትምህርት ጀማሪ ሆነ። ጎበዝ ወጣቶችን መርጦ በዓመት 500 ዶላር እየከፈለ ያስተምር ነበር። ግን ጥሪቱ በአብዛኛው የአንድ የባቡር ድርጅት አክሲዮን ነበር። ሟቹም አክሲዮኑን እንዳትሸጡት ብሎ መክሯል። በ1880ዎቹ መጨረሻ ድርጅቱ ትርፍ ማከፋፈል ሲያቆም ዩኒቨርሲቲው ባዶ እጁን ቀረ። የከተማዋ ሰዎች የድረሱልን ገንዘብ አዋጥተው ነው ያተረፉት።

ስታንፎርድ ደግሞ ባሰ። ሌላንድ ስታንፎርድና ሚስቱ ጄን አንድ ልጃቸው በ15 ዓመቱ ሲሞትባቸው ዩኒቨርሲቲውን በስሙ አቆሙ። በ1891 ያለ ክፍያ ማስተማር ጀመረ። በ1893 አባትየው ሞተ። ንብረቱ በፍርድ ቤት ታገደ። የፌዴራሉ መንግሥትም ለባቡር መስመር ያበደርኩት 15 ሚሊዮን ዶላር ይከፈለኝ ብሎ ከሰሰ። ጄን ምን አደረገች? ዳኛው ለቤተሰብ ወጪ በወር 10 ሺህ ዶላር ፈቅዶላት ነበር። ፕሮፌሰሮቹ በቤቷ አገልጋይነት ተመዝግበው ከዚያ ላይ ይከፈላቸው ጀመር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1896 እስኪፈርድላት ድረስ ዩኒቨርሲቲው በዚህ ቆየ። ጌጧን ለመሸጥም ለንደን ድረስ ሄዳለች። የዚህች ሴት ጽናት ሁሌ ይደንቀኛል።

ግን ያችው ሴት በ1900 ኤድዋርድ ሮስ የተባለውን የኢኮኖሚክስ መምህር ንግግሩ ስላስቆጣት እንዲባረር አደረገች። ሮስ ስለ እስያ ስደተኞች የተናገረው የሚያሳፍር ነገር ነው። እሱን አልከላከልለትም። ጥያቄው ሌላ ነው፦ የመምህር መቆየትና መሄድ በአንድ ሰው ስሜት ይወሰናል ወይ? ሌሎች መምህራን ተቃውመው ለቀቁ። ከእነሱ አንዱ አርተር ላቭጆይ በ1915 የአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሮች ማኅበርን ካቋቋሙት አንዱ ሆነ። በገንዘብ ነፃ መሆንና በአእምሮ ነፃ መሆን ለየቅል መሆናቸው እዚህ ላይ ታየ። ከመንግሥት እጅ ወጥቶ በአንድ ባለሀብት እጅ መውደቅ አለ።

ወደ መሬቱ ኮሌጆች እንመለስ። ከሞሪል ሕግ በኋላ ለ25 ዓመት አብዛኞቹ ከእጅ ወደ አፍ ነበር የሚኖሩት። ወለዱ ጥቂት፣ ተማሪው ጥቂት፣ ገበሬው ተጠራጣሪ። ነገሩን የቀየሩት ሁለት ሕጎች ናቸው። በ1887 ለእያንዳንዱ ስቴት በዓመት 15 ሺህ ዶላር ለግብርና ምርምር ጣቢያ ተቆረጠ። በ1890 ደግሞ ሞሪል፣ አሁን 80 ዓመቱ፣ ሁለተኛ ሕግ አስወጣ። ለማስተማሪያ በዓመት 15 ሺህ ይሰጣል፣ በየዓመቱ አንድ ሺህ እየጨመረ 25 ሺህ ይደርሳል። በየዓመቱ ልመና የለበትም፤ ዩኒቨርሲቲው ገንዘቡ እንደሚመጣ አውቆ ሰው ይቀጥራል።

ይህ ምን እንዳፈራ በአንድ ነገር ላሳይ። በዊስኮንሲን ወተት በክብደት ይሸጥ ነበር። ስለዚህ ውሃ የሚቀላቅል ገበሬና ቅባቱን አስቀድሞ የሚያነሳ ገበሬ ከታማኙ እኩል ይከፈለዋል። የዩኒቨርሲቲው የምርምር ጣቢያ ባልደረባ ስቲቨን ባብኮክ በ1890 ቀላል መመርመሪያ ይዞ መጣ። ጥቂት ወተት ረጅም አንገት ባለው ጠርሙስ ይገባል፤ ሰልፈሪክ አሲድ ይጨመርበታል፤ በመዘውር ይሽከረከራል። ቅባቱ ተለይቶ አንገቱ ላይ ይቆማል፤ በተሰመረው መስመር ይነበባል። የወተት ቤቱ ሠራተኛ ሊሠራው ይችላል። ባብኮክ የባለቤትነት መብት አልጠየቀበትም፤ ለሁሉም ይሁን አለ። የወተት ንግዱ በቅባት ሆነ፤ ታማኙ ገበሬ ተጠቀመ፤ «ይህ ዩኒቨርሲቲ ምን ይሠራልናል?» የሚለው ጥያቄ በየቤቱ መልስ አገኘ።

የ1890ው ሕግ ጠባሳም አለው። ጥቁሮችን የማይቀበል ስቴት ገንዘቡን አያገኝም አለ፤ ግን ለጥቁሮች የተለየ ኮሌጅ ካቋቋመ ያገኛል ብሎ መውጫ ተወ። የደቡብ ስቴቶች በመውጫው ገቡበት። «በፍትሐዊነት ይከፋፈል» የሚለውም ቃል ወረቀት ላይ ቀረ። እንዲያም ሆኖ ሰሜን ካሮላይና ኤ ኤንድ ቲን የመሳሰሉ የጥቁሮች ተቋማት በዚህ ሕግ ተነስተው እስከ ዛሬ አሉ።

ከዚህ ታሪክ አንዱ ጫፍ ወደ እኛ ይመጣል። ኦክላሆማ ገና ስቴት ሳትሆን በታኅሣሥ 1890 የእርሻና የመካኒካል ኮሌጅ አቋቋመች። በስቲልዋተር የመጀመሪያው ክፍል በ1891 መጨረሻ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበር፣ 45 ተማሪዎች ይዞ። የራሱ ሕንፃ የተመረቀው በ1894 ነው። ከስድሳ ዓመት በኋላ የዚሁ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሄንሪ ቤኔት ኢትዮጵያ መጥቶ ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተነጋገረ። በ1952 ውል ተፈረመ፤ ትምህርቱ በጅማ ተጀመረ፤ ከዚያ ዓለማያ ኮሌጅ ቆመ። የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ማለት ነው። ስሙ እንኳ «የግብርናና የመካኒካል አርትስ ኮሌጅ» ተባለ፣ ሞሪል ሕጉ ላይ ካሰፈረው ቃል ጋር አንድ ነው። ቤኔት ግን አላየውም፤ በ1951 መጨረሻ ኢራን ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞቷል።

ማስተማር፣ ምርምርና ለገበሬው ማዳረስ፣ ሦስቱም በአንድ ቤት እንዲሆኑ ነበር የታሰበው። የማዳረሱ ሥራ በ1963 ወደ ግብርና ሚኒስቴር ሄደ። በ1966 ለምርምር የተለየ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ማስተማሩ ብቻ ለኮሌጁ ዋና ሥራ ሆኖ ቀረ። የኦክላሆማ ውል ሲያበቃ የቀረው የመንግሥት ዓመታዊ በጀት ነበር። የሞሪልን አሠራር ወሰድን፤ የማይነካውን ጥሪትና በሕግ የተቆረጠውን የየዓመቱን ገንዘብ ግን አልወሰድንም።

ለአገራችን መሬት ትምህርትን እንዲያኖር ማድረግ አዲስ ሐሳብ አልነበረም። ደብርና ገዳም ካህኑን፣ መምህሩን የሚያኖሩት በመሬት ነበር፤ የቆሎ ተማሪውን ደግሞ መንደሩ ይመግበዋል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው ሲሰጡም ስድስት ኪሎ ጥሪት አገኘ ማለት ይቻላል። ከየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ በኋላ ግን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም። ስለዚህ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ እንደ ኮርኔል ደን ይዞ ዋጋ አይጠብቅም። ሊይዝ የሚችለው የሚከራይ ሕንፃ፣ የሊዝ ይዞታ፣ አክሲዮን፣ ቦንድና ከተመራቂዎች የሚገኝ ስጦታ ነው። ይህ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል።

እስከዚያ ድረስ እጅ የሚደርስበት አንድ ኪስ ብቻ አለ፤ የተማሪው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የወጪ መጋራት ውል የሚፈርመው ተማሪ ወጪውን ከተቀጠረ በኋላ ይከፍላል። በቅድሚያ ክፈል ማለት ግን ሌላ ነው። የመቶ ቀን ደሞዝ የሚያስከፍለውን በር እንደገና መትከል ይሆናል። ራስ ገዝነትን አልቃወምም፤ ዩኒቨርሲቲ በየቀኑ ፈቃድ እየጠየቀ ዕውቀት አያመርትም። ነገር ግን በየዩኒቨርሲቲው ደንብ ውስጥ ጥቂት ነገሮች በግልጽ ተጽፈው ማየት እፈልጋለሁ፦ ዋናው ጥሪት ምን ያህል ነው፣ በምን ላይ ይውላል፣ ከጎደለ ማን ይተካዋል፣ መንግሥት ለስንት ዓመት ምን ያህል ይሰጣል፣ በነፃ የሚማሩት ልጆችስ ከየት ወረዳ ስንት ናቸው? ሞሪል አብዛኛውን በ1862 ሕጉ ላይ አስፍሮት ነበር፤ ኒውዮርክ ደግሞ የወረዳዎቹን ቁጥር ሳይቀር ጻፈችው።